«እኔ ፎቶ ላይ አላምርም» የሚል ሰው ፊታችሁ ሲቀመጥ፦ የፖርትሬት ፎቶ አንሺ ሥራ ከቀጠሮ እስከ ርክክብ

ፖርትሬት የሚያነሳ ሰው ከሁሉም በላይ ደጋግሞ የሚሰማው ነገር «እኔ ፎቶ ላይ አላምርም» የሚለውን ነው። ወጣቱም ይለዋል፣ ትልቁም ይለዋል፣ መንገድ ላይ ዓይን የሚይዝ መልክ ያለው ሰው ሳይቀር ይለዋል። ሥራ ስጀምር «ኧረ በጣም ነው የሚያምሩት!» ብዬ አልፈው ነበር። አሁን ትቼዋለሁ። ሰውየው ሙገሳ አይደለም የፈለገው። ፈርቻለሁ ነው የሚለኝ።

ፍርሃቱ ደግሞ ምክንያት አለው። ሰው የራሱን ፊት የሚያውቀው በመስታወት ነው፣ መስታወት ግራውን ከቀኙ አዟዙሮ ያሳያል። ፎቶ ላይ የሚያየው ሌላው ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ፊቱን ነው፤ ለእሱ ግን የፀጉሩ ስንጥቅ በሌላ በኩል የሆነ፣ አንዱ ቅንድቡ ያለቦታው ከፍ ያለ፣ የማያውቀው ሰው ነው። በዚያ ላይ ራሱን ደጋግሞ ያየው በክንዱ ርዝመት ልክ በተነሳ የስልክ ፎቶ ነው። ከዚያ ርቀት የማንም አፍንጫ ይተልቃል፣ የማንም ጆሮ ወደኋላ ይሸሻል።

ከዚህ የጀመርኩት ሙያው በሙሉ እዚህ ላይ ስለሚቆም ነው። ያ ሰው ፊታችሁ በተቀመጠበት ሰዓት ዓይናችሁም ጆሯችሁም የእሱ ብቻ መሆን አለበት። ባትሪው፣ መብራቱ፣ ውሉ፣ ፋይሉ ሁሉ አስቀድሞ ቦታ ቦታውን የሚይዘው በዚያች ሰዓት ሐሳባችሁን እንዳይሻማ ነው። ከታች የምጽፈው ሁሉ ለዚህ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ስልክ ላይ ነው

ደንበኛ ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። ዋጋውን ንገሩት፣ መሸሽ ጥሩ አይደለም፣ ግን አያይዛችሁ ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ፎቶው የት ነው የሚውለው? ማን ነው የሚያየው? መልሱ ሥራውን ሁሉ ይለውጠዋል። ለሥራ ማመልከቻ ከሆነ ቀረብ ብሎ፣ ከደረት በላይ፣ ዓይን በማይሻማ ባክግራውንድ ይነሳል። ለመጽሐፍ ጀርባ ከሆነ ጽሑፍ የሚያርፍበት ባዶ ቦታ መተው አለበት። ግድግዳ ላይ በትልቁ የሚሰቀል ከሆነ ደግሞ እጁም፣ አቀማመጡም፣ የተቀመጠበት ወንበርም የፎቶው አካል ነው። ይህን ሳትጠይቁ አንስታችሁ በኋላ «ለባነር ነበር እኮ፣ ወደ ጎን ሰፋ ያለ የለም?» ብትባሉ የምትመልሱት አይኖራችሁም።

አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለኝ፣ እሱን በአካል ሲመጡ ሳይሆን በስልክ ብጠይቅ ይቀለኛል። «ፎቶ ላይ ስትታዩ የማትወዱት ነገር አለ?» እላለሁ። ፊት ለፊት ለመናገር የሚያፍር ሰው በስልክ ይናገራል። አንዷ ጥርሷን ትነግረኛለች፣ አንዱ አንድ ዓይኑ ከሌላው እንደሚያንስ፣ አንዱ ጠባሳውን። ያን ጊዜ መብራቱን ከየት እንደማመጣ አውቄ እጠብቃቸዋለሁ፤ በዚያ ላይ ዕለቱን ያንን ነገር ደግመው ማንሳት አይጠበቅባቸውም።

ከዚያ አጭር መልእክት ላኩ። የእኔ እንዲህ ይላል፦ ሁለት ወይም ሦስት ልብስ ይዛችሁ ኑ፣ አንድ ወጥ ቀለም ያለው ይመረጣል፣ በጣም ቀጫጭን መስመር ያለው ግን ይቅር፣ ካሜራው ላይ ሞገድ መሳይ ነገር ያመጣል። ደማቅ አረንጓዴና ደማቅ ብርቱካናማ አንገት ሥር ከሆነ ቀለሙ አገጭ ላይ ይንጸባረቃል። ፀጉር የምትቆረጡ ከሆነ በዋዜማው ሳይሆን ከሦስት አራት ቀን በፊት ተቆረጡ። መነጽር የምታደርጉ ከሆነ አድርጋችሁት ኑ፣ ያለ እሱ የሚያውቃችሁ ሰው የለም።

ውል ነገር ላይ ብዙ ሰው ያፍራል፣ በተለይ ደንበኛው የሚያውቀው ሰው ሲሆን። እኔም አፍር ነበር። ግን በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ነው ነገሩ። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ስንት የተጠናቀቀ ፎቶ እንደሚሰጥ፣ መቼ እንደሚሰጥ፣ ሪታቹ (ፎቶው ከተነሳ በኋላ የሚደረገው እርማት) እስከ ምን ድረስ እንደሆነ፣ ቀብዱ ስንት እንደሆነና ደንበኛው ቢቀር ምን እንደሚሆን፣ እናንተ ፎቶውን ለማስተዋወቂያ መጠቀም ትችሉ እንደሆነ። የመጨረሻውን ለብቻው አስፈርሙ። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል፣ የአገራችሁን እወቁ፤ ሕጉ ቢፈቅድላችሁም እንኳ ሳይስማማ ፊቱን የትም የለጠፋችሁበት ሰው ተመልሶ አይመጣም። ለሕፃናት የወላጅ ፊርማ ያስፈልጋል፣ በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ከዋዜማው ማታ

ካናዳዊው ፎቶ አንሺ ዩሱፍ ካርሽ የእንግሊዙን ጠቅላይ ሚኒስትር ዊንስተን ቸርችልን ያነሳው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 30 ቀን 1941 ኦታዋ ውስጥ ነው። ሲወራ የምንሰማው ከቸርችል አፍ ላይ ሲጋሩን ስለመንጠቁና በዚያ ስለተገኘው ቁጡ ፊት ነው። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ካርሽ መብራቱንና ካሜራውን ያቆመው ከዋዜማው ማታ ነበር። ያን ሁሉ ዓለም የሚያውቀውን ሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሲያነሳ መብራት እያስተካከለ ቢሆን ኖሮ ሲጋሩን ማን ያየው ነበር?

ስለዚህ ማታውን ስሩ። ባትሪዎች ይሞሉ፣ የካሜራውም የፍላሹም፣ ፍላሹን ከካሜራው ጋር የሚያገናኘው የትሪገሩም። ትሪገሩ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ባትሪ ብዙ ሰው ይረሳታል፣ የምታስቆመውም እሷ ናት። ሜሞሪ ካርዶቹ ባዶ መሆናቸውንና ፋይላቸው መገልበጡን አረጋግጣችሁ እዚያው ካሜራው ላይ ፎርማት አድርጉ። ካሜራችሁ ሁለት የካርድ ቦታ ካለው በሁለቱም ላይ እንዲጽፍ አድርጉት። እኔ በመጀመሪያ ዓመቴ በአንድ ካርድ ስሠራ አንድ ሙሉ ቀጠሮ ካርዱ ውስጥ ጠፍቶብኛል። ለደንበኛዋ ደውዬ የነገርኳት ቀን እስካሁን ይታወሰኛል፣ ያለቀሰችው ስለ ፎቶው ብቻ አልነበረም፣ እንደገና ካሜራ ፊት መቀመጥ ስላለባት ነበር። ያን ሁሉ ድፍረት ሰብስባ መጥታ የነበረች ሰው ናት።

ከተቻለ መብራቱንም በዋዜማው አቁሙት፣ ወንበሩ ላይ ሰው አስቀምጣችሁ ሞክሩት። ሰው ካጣችሁ የወንበር መደገፊያ ላይ ኮፍያ ስቀሉ። ደንበኛው ሲገባ የሚቀራችሁ ለቁመቱ መብራቱን ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ብቻ ይሁን።

ስለ ሌንስ ብዙ ይባላል፣ እኔ አጠር አድርጌ ልናገር። የፊትን ቅርጽ የሚወስነው በካሜራውና በሰውየው መካከል ያለው ርቀት ነው። ከ1 ሜትር ተኩል እስከ 2 ሜትር ተኩል ባለው ውስጥ ስትሆኑ ፊት እንደ ፊት ይታያል። 85 ወይም 105 ሚሊ ሜትር ሌንስ ለፖርትሬት የሚወደደው ከዚያ ርቀት ላይ ሆናችሁ ፊትና ትከሻ ፍሬሙን ስለሚሞሉላችሁ ነው። ሴንሰሩ (ብርሃኑን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ትንሽ የሆነ ካሜራ ካላችሁ 50 ወይም 56 ሚሊ ሜትር ያንኑ ሥራ ይሠራል። ጀማሪ ከሆናችሁ አንድ ካሜራ፣ አንድ እንዲህ ያለ ሌንስ፣ አንድ መብራት ይበቃችኋል። ሁለተኛውን ሌንስ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለተኛ ባትሪና ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ግዙ።

አፐርቸር (ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፣ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ላይ ግን ልዘግይ፣ ብዙ ፎቶ እዚህ ላይ ነው የሚበላሸው። ኤፍ 1.4 የሚከፈት ሌንስ የገዛ ሰው ሁሉንም በ1.4 ማንሳት ያምረዋል። በ85 ሚሊ ሜትር፣ በ1 ሜትር ተኩል ርቀት፣ ሙሉ ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያለው) ካሜራ ላይ በኤፍ 1.4 ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ሰውየው ፊቱን ትንሽ ዘወር ካደረገ አንዱ ዓይን ጠርቶ ሌላው ይደበዝዛል። በኤፍ 4 ግን 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ታገኛላችሁ፤ ሁለቱ ዓይኖች ይገባሉ፣ ባክግራውንዱም አሁንም ለስላሳ ነው። ፎከስ ሁልጊዜ ለካሜራው ቀረብ ያለው ዓይን ላይ ነው። በመስኮት ብርሃን ስሠራ ከኤፍ 2.8 እስከ ኤፍ 4፣ ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) ቢያንስ 1/160 ሰከንድ ላይ አደርጋለሁ፣ ለሕፃን ከሆነ ከ1/250 አልወርድም። በስቱዲዮ ፍላሽ ከሆነ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ኤፍ 5.6 ወይም 8፣ ሹተር 1/160። ብዙ ካሜራዎች ከ1/200 ወይም ከ1/250 በላይ ስትወጡ ከፍላሽ ጋር አይገጥሙም፣ ፍሬሙ ላይ ጥቁር መጋረጃ የሚመስል ነገር ካያችሁ ምክንያቱ እሱ ነው።

ብርሃን

አንድ መብራት። በእውነት አንድ መብራት በደንብ ማወቅ አራት መብራት በግማሽ ከማወቅ ይሻላል። መስኮት ካላችሁ ደግሞ እሱ ራሱ መብራት ነው።

ለስላሳ ብርሃን የምንለው የብርሃኑ ምንጭ ከሰውየው አንጻር ትልቅ ሲሆን ነው። 60 ሴንቲ ሜትር ሶፍትቦክስ (መብራት ላይ የሚገጠም፣ ብርሃኑን የሚያለሰልስ የጨርቅ ሳጥን) 3 ሜትር ርቀት ላይ ብታቆሙት ከአምፖል ብዙም አይለይም፣ ጥላው ይቆርጣል። ያንኑ ሶፍትቦክስ ፍሬሙ ውስጥ እስከማይገባ ድረስ አስጠጉት፣ አሁን ፊቱን ያቀፈው ይመስላል። ማስጠጋት ሌላም ነገር ያመጣል። ብርሃን ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር አራት እጥፍ ይቀንሳል። መብራቱ ከፊቱ 1 ሜትር፣ ከኋላው ግድግዳ 3 ሜትር ከሆነ ግድግዳው የሚያገኘው የፊቱን አንድ ዘጠነኛ ነው፣ ስለዚህ ነጭ ግድግዳ ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ባክግራውንድ ሳትገዙ ሌላ ባክግራውንድ አገኛችሁ ማለት ነው።

መብራቱን ከየት ላምጣ ለሚል ሰው የምነግረው የአፍንጫውን ጥላ እንዲያይ ነው። መብራቱን ከዓይን ከፍ አድርጋችሁ ወደ ጎን 45 ዲግሪ ያህል አምጡት፣ ከዚያ በዝግታ አንቀሳቅሱት። ጥላው ከአፍንጫው ሥር አጠር ብሎ ወደ ጉንጭ ሲጣመም ለአብዛኛው ፊት ይስማማል። ወደ ጎን ስታርቁት ጥላው ከጉንጭ ጥላ ጋር ይገናኝና ከዓይኑ ሥር ሦስት ማዕዘን የሆነች ብርሃን ትቀራለች። ይህ አበራር ስሙን ያገኘው ከሠዓሊው ሬምብራንት ነው። ቁም ነገር ያለው፣ ከበድ ያለ ፊት ያወጣል። ዓይኑ ውስጥ የብርሃን ነጥብ መኖሩን እዩ። ነጥቡ ከጠፋ መብራቱ ከፍ ብሏል፣ ዓይኑም ሞቷል። ጥላው ከጠቆረባችሁ በሌላው ጎን ነጭ ሰሌዳ አቁሙ፣ ፊቱ በጣም ከሰፋ ደግሞ በዚያው ቦታ ጥቁር ሰሌዳ። ጥቁር ሰሌዳ ብርሃን እንደሚቀንስ ብዙ ሰው አያስበውም፣ እኔ ግን ከነጩ እኩል እጠቀምበታለሁ።

መነጽር ላይ የሚያበራ ነጸብራቅ ሲያስቸግር የመነጽሩን እግር ከጆሮ ላይ ትንሽ ብድግ አድርጉት፣ መስታወቱ ወደ ታች ያዘነብልና ነጸብራቁ ይሄዳል። ፊት ለፊት አይታወቅም።

የቆዳ ቀለም ነገር ችላ የሚባል አይደለም። የካሜራው መለኪያ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርገው ይሞክራል። ጠቆር ያለ ፊት ከጥቁር ባክግራውንድ ጋር ሲሆን ካሜራው አብዝቶ ያበራና ፊቱን አመድ ያስመስለዋል፤ ነጭ ልብስ ፍሬሙን ሲሞላው ደግሞ ያጨልመዋል። ስለዚህ መለኪያውን አትመኑት፣ ማኑዋል ላይ አድርጋችሁ፣ ማለትም ቅንብሩን ራሳችሁ እየመረጣችሁ፣ ፊቱን እዩ። በፊልሙ ዘመን ላቦራቶሪዎች ቀለም የሚያስተካክሉበት ካርድ ላይ ለረጅም ጊዜ የነበረችው ፈካ ያለ ቆዳ ያላት ሴት ነበረች፣ ጠቆር ያለ ፊት ደግሞ ዋጋ ከፍሏል። ዛሬ መሣሪያው የሚያግዝ ነው፤ ኃላፊነቱ ግን የእኛ ነው። ጠቆር ያለ ቆዳ ብርሃንን በማንጸባረቅ ነው ቅርጹን የሚያወጣው፣ ስለዚህ ትልቅ ምንጭ ወደ ጎን አምጥታችሁ ጉንጭና ግንባር ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ተከተሉ። ሁለት የተለያየ ቀለም ያላቸውን ሰዎች አንድ ላይ ስታነሱ ጠቆር የሚለውን ወደ መብራቱ አቅርቡት።

ውጭ የምትሠሩ ከሆነ ከቀትር ፀሐይ ሽሹ፣ ሌላው ቀላል ነው። የሕንፃ ወይም የዛፍ ጥላ ውስጥ፣ ፊቱ ወደ ክፍቱ ሰማይ የዞረ ሰው መስኮት ፊት እንደተቀመጠ ነው።

ሰውየው ሲገባ

አሁን ዋናው ጋ ደረስን።

ደንበኛ ሲገባ ካሜራ አልይዝም። አሥር ደቂቃ ያህል እንቀመጣለን፣ ልብሶቹን እናያለን፣ ስለ ሥራው እጠይቀዋለሁ። ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ዓይኔ ሥራ ላይ ነው፦ ሲስቅ የትኛው ጉንጩ ቀድሞ ይነሳል፣ ሲያስብ ራሱን ወደየት ያዘነብላል፣ እጁን የት ያስቀምጣል። ካሜራ ፊት ሲደርቅ የምመልሰው ወደዚያ ነው። «ቅድም ስለ ልጅሽ ስትነግሪኝ እንዲህ ነበር የተደገፍሽው» ስላት በማታውቀው አቀማመጥ ሳይሆን በራሷ ትቀመጣለች።

ከዚያ የሚሆነውን ሁሉ እነግራለሁ። ስንት ሰዓት እንደምንቆይ፣ ፍላሹ ሲበራ ድምፅ እንዳለው፣ የመጀመሪያዎቹ 20 ፎቶዎች ለመብራት ማስተካከያ ብቻ እንደሆኑና ማንም እንደማያያቸው። ይቺ የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ብዙ ሸክም ታወርዳለች። «አይታዩም» ሲባል ሰው ትከሻው ይወርዳል። ለነገሩ እውነት ነው፣ አልጠቀምባቸውም።

ፎቶግራፍ በተጀመረበት ዘመን፣ ከ1839 እ.ኤ.አ. በኋላ ባሉት ዓመታት፣ አንድ ፎቶ ብዙ ጊዜ ስለሚወስድ ተነሺው እንዳይንቀሳቀስ አንገቱ ከኋላ በብረት ይደገፍ ነበር። ዛሬ ብረቱ የለም፤ ሰው ግን ብረቱ እንዳለ ሆኖ ይቀመጣል። ያንን የሚፈታው ትእዛዝ አይደለም። «ዘና በል» ብላችሁ ዘና ያለ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? የሚሠራው ሰውነቱን አንድ ነገር ማሠራት ነው። አየር እንዲያስገባና ቀስ ብሎ እንዲያስወጣ አድርጉት፣ ሲያስወጣ መጨረሻ ላይ ፊቱ ለአንዲት ቅጽበት ባዶ ይሆናል፣ ያን ጊዜ ተጫኑ። ዓይኑን እንዲጨፍንና እኔ ሦስት ስቆጥር እንዲገልጥ አደርጋለሁ፣ ሲገልጥ እይታው ትኩስ ነው። ተነስቶ አንድ ዙር ዞሮ እንዲቀመጥም አደርጋለሁ።

አቋም ስታስተካክሉ በቃል አታድርጉት። «ግራ እጅዎን» ስትሉት የእኔ ግራ ነው የእሱ ግራ ብሎ ሲያስብ ፊቱ ይጠፋል። እኔ ፊቱ ቆሜ ራሴ አደርገዋለሁ፣ እንደ መስታወት ይከተለኛል። ልብስ ወይም ፀጉር ለማስተካከል መንካት ካስፈለገ ሁልጊዜ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ «አንገትጌዋን ላስተካክላት?» በቂ ነው፣ ራሳቸው ማድረግ ከፈለጉ ደግሞ ትንሽ መስታወት አቀብሉ።

ከአቋም ሁሉ ብዙ ሰው ላይ የሚሠሩት ጥቂት ናቸው። ትከሻውን ከካሜራው ትንሽ አዙሮ ፊቱን መመለስ። ከቆመ ክብደቱን በኋለኛው እግሩ ላይ ማድረግ። አገጩን ወደ ካሜራው ገፋ አድርጎ ከዚያ በጣም ጥቂት ዝቅ ማድረግ፤ ለሚያደርገው ሰው አይመችም፣ ከፊት ሲታይ ግን የመንጋጋው መስመር ጥርት ይላል። እጅ ሥራ ይፈልጋል፣ ሥራ የፈታ እጅ ይጨበጣል። የኮት ጠርዝ፣ የወንበር መደገፊያ፣ የራሱ ክንድ፣ የሚይዘው ነገር ስጡት፣ ሲይዝ ግን ላላ አድርጎ ይሁን፣ ጣት ሲጫን ጥፍሩ ይነጣል፣ ፎቶው ላይ መጨነቁ ይታያል።

«ፈገግ በሉ» አትበሉ። ፈረንሳዊው ሐኪም ዱሼን በ1862 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው እንዳሳየው ሰው አፉን በፈቃዱ ማሳቅ ይችላል፣ በዓይኑ ዙሪያ ያለው ጡንቻ ግን ከልብ ሲሆን ነው የሚነሳው። ፎቶ የሚያይ ሰው ይህን ስሙን ባያውቀውም ያየዋል። ስለዚህ ጥያቄ ጠይቁ። «ይህን ፎቶ መጀመሪያ ለማን ነው የምታሳዪው?» የሚለው ለእኔ ብዙ ጊዜ ሠርቷል፤ መልሱ ከአፏ ሳይወጣ ዓይኗ ላይ ይመጣል። ሁሉም ፈገግ ማለት እንዳለበትም አታስቡ። ዝምታ የሚያምርበት ሰው አለ። ዝም ስትሉ ዝም በሉ፣ ባዶውን በወሬ ለመሙላት አትሩጡ፣ ከአንዳንድ ሰው ጋር ከግማሽ ደቂቃ ዝምታ በኋላ የመጣው ፊት ከዚያ በፊት ከተነሳው ሁሉ ይበልጣል።

አንድ ልማድ አስወግዱ፦ በየፎቶው መካከል ስክሪኑን እያዩ ግንባር መቋጠርን። እናንተ መብራቱን ነው የምታስቡት፣ እሱ ግን «አበላሸሁት» ነው የሚለው። ማየት ካለባችሁ «እኔ ነኝ መብራቱን የማስተካክለው፣ እርስዎ እንደዚሁ ይሁኑ» በሉ። እና ግማሽ ላይ ስትደርሱ አንድ ጥሩውን መርጣችሁ አሳዩት። አንድ ብቻ። «እኔ ፎቶ ላይ አላምርም» ያለው ሰው ያንን አይቶ የሚቀመጠው አቀማመጥ ሌላ ነው፤ ከምርጦቼ አብዛኞቹ ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው።

ብዛት ላይ አትደገፉ። ማሊያዊው ፎቶ አንሺ ሴይዱ ኬይታ በ1948 እ.ኤ.አ. ባማኮ ላይ ስቱዲዮ ከፍቶ ሲሠራ ፊልም ውድ ስለነበረ ለአንድ ደንበኛ ብዙውን ጊዜ አንድ ፍሬም ብቻ ነበር የሚያነሳው። ሰውየውን አስቀምጦ፣ እጁን አስተካክሎ፣ አይቶ አይቶ፣ አንዴ ይጫናል። እኔ በአንድ ቀጠሮ ከ150 ያላነሰ አነሳለሁ፣ ግን ሲጨንቀኝ ይሄንን አስታውሼ እጄን ከካሜራው ላይ አነሳለሁና ሰውየውን በዓይኔ አየዋለሁ። ብዙ ጊዜ የተሳተው ነገር በዓይን ይገኛል።

ሕፃናት ሲመጡ ወለል ላይ ተቀመጡ፣ ካሜራው በዓይናቸው ልክ ይሁን። ከኋላችሁ ሆነው «እዚህ እዪ! ሳቂ!» የሚሉ ዘመዶችን በትሕትና ወንበር ስጧቸው። ከ20 ደቂቃ በላይ ከሕፃን አትጠብቁ። አረጋዊ ሲሆን በተቃራኒው ጊዜ ስጡ፣ አታስቁሙ፣ ወንበሩ መደገፊያ ያለው ይሁን፣ ሽብሽባቸውን የሚያጠፋ ብርሃን አትፈልጉ፣ ዓይናቸው እንዲታይ ብቻ መብራቱን ዝቅ አድርጉ።

በቀን ስንት ሰው ልቀበል ለሚል፣ እኔ ከሦስት አልፌ አላውቅም። ሰውን በትኩረት ማየት ጉልበት ይጨርሳል። አራተኛው ሰው እኩል ከፍሎ የተረፈኝን ብቻ ማግኘት የለበትም።

ከሄደ በኋላ

ካርዱን የዚያኑ ቀን ገልብጡ። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ሌላ ቦታ። ሌላ ቦታ ማለት ሌላ መሳቢያ ማለት አይደለም፣ ሌላ ቤት ወይም ክላውድ ማለት ነው። ቢያንስ ሁለት ቅጂ በዓይናችሁ ከፍታችሁ ሳታዩ ካርዱን ፎርማት አታድርጉ። ፎልደሩን በዓመት፣ በወርና በቀን ጀምራችሁ ሰይሙት፣ ራሱ ተራውን ይይዛል። አንዴ አንዲት ሴት ከሦስት ዓመት በፊት ከአባቷ ጋር የተነሳችበትን ፎቶ ፈልጋ ደወለችልኝ፣ አባቷ በዚያ ሳምንት አርፈው ነበር። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ስልኩን ሳልዘጋ ላኩላት።

ምርጫውን በማግስቱ አድርጉት። በዕለቱ የምታስታውሱት ስሜቱን ነው፣ በማግስቱ ፎቶውን ታያላችሁ። ሪታች ላይ ሁለት ሳምንት ቆይቶ የሚጠፋ ነገር፣ ብጉር፣ ጭረት፣ የድካም ቀይ ዓይን፣ ሳልጠየቅ አጠፋለሁ። የሚኖር ነገር፣ ማርያም የሳመችው ምልክት፣ ጠባሳ፣ የሳቅ ሽብሽብ፣ ካልተጠየቅኩ አልነካም። ቆዳን እንደ ላስቲክ ማለስለስ ሰውየው ፊቱ ጥፋት እንዳለበት መንገር ነው። ለኅትመት የምትሰጡ ከሆነ በኢንች 300 ነጥብ ይበቃል፤ 20 በ25 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ፎቶ 7 ሜጋ ፒክሰል ገደማ ነው፣ ዛሬ ያለ ካሜራ ሁሉ ያንን ይሞላል።

ዋጋ ስታወጡ የማንሻውን ሰዓት ብቻ አትቁጠሩ። የአንድ ሰዓት ቀጠሮ ከስልኩ ጀምሮ እስከ ርክክብ ድረስ እኔን አምስት ሰዓት ያህል ይወስድብኛል። የካሜራ ሹተርም ዕድሜ አለው፣ ብዙዎቹ ከ100,000 እስከ 200,000 ጊዜ ተብለው ነው የሚሠሩት፣ ያ ወጪ ከየፎቶው ላይ ጥቂት ጥቂት መነሳት አለበት። በሳምንት አንድ ቀን ምንም ቀጠሮ አትያዙ። ወገባችሁንም ጠብቁ፣ ዝቅ ማለት ሲኖርባችሁ ጉልበታችሁን እጠፉ።

ርክክቡን ሲቻል በአካል አድርጉት። ፎቶዎቹን ከፍታችሁ ወደ ኋላ በሉ፣ አታብራሩ። መጀመሪያ የሚያየው ድክመቱን ነው፣ ሁለተኛ ጊዜ ሲያልፍባቸው ይለመዳል፣ ሦስተኛው ላይ መምረጥ ይጀምራል። «ይሄ እኔን አይመስልም» ካለ ያንኑ ፎቶ ስክሪኑ ላይ ግራ ቀኙን ገልብጣችሁ አሳዩት። ወዲያው «እ! ይሄኛው ይሻላል» ይላል፣ የመስታወቱን ፊት ስላገኘ ነው። ያን ጊዜ የመስታወቱን ነገር ንገሩት፣ የምትሰጡት ግን ያልተገለበጠውን ነው። ከቻላችሁ ከሚወደው ሰው ጋር እንዲመጣ ጋብዙት። እሱ በሁለት ፎቶ መካከል ሲያመነታ፣ አጠገቡ ያለችው እህቱ ወይም ሚስቱ ሳትጠየቅ ጣቷን ዘርግታ «ይሄ ነው እሱ» ትላለች፣ እሱም ቀና ብሎ ያያታል።